ለመቆጠብ ስንት ሺህ ዶላር ይፈጃል?

በካሊፎርኒያዋ ፓሎ አልቶ ሽማግሌ መሆን ሥራ መፍታት ነው። የልጅ ስም ሲወጣ አልጠራም። ቤት ሲገዛ አልማከርም። ለሽምግልና እንኳ የምላከው ጥንዶቹ አዳራሽ ተከራይተው፣ የጥሪ ካርድ አሳትመው፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። መኪና ሊገዛ የተነሳ ሐበሻ ግን ሳን ሆዜም ይኑር ኦክላንድ ለእኔ ሳይደውል አያድርም። «ጋሼ፣ ፕሪየስ ይሻላል ካምሪ? ሲቪክስ እንዴት ናት?» ይሉኛል። ታክሲ ነድቼ ማርጀቴን ያውቃሉ። ይጠይቁኛል እንጂ አይሰሙኝም፤ እኔ ሳስረዳ እነሱ በስልካቸው ቀለም ይመርጣሉ።

ስለዚህ ዛሬ ለሁላችሁም በአንድ ጊዜ ተናግሬ ልገላገል። ዓመቱን የምቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ የአገር ቤቱን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ። ቅሬታዬም አንድ ናት፤ ቁጠባ ተወደደ። በእኛ ጊዜ ቆጣቢ መኪና ማለት ርካሽ መኪና ማለት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደመወዝተኛው ቮልስዋገን ወይም ሰይቼንቶ ይይዛል፣ ባለጸጋው መርሴዲስ ይነዳል፣ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። ዛሬ ቆጣቢ ለመሆን መጀመሪያ ሀብታም መሆን ያስፈልጋል። ጋዝ ለመቆጠብ ብሎ ዕዳ የሚገባ ትውልድ አየሁ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት አያቶቻችን የተረቱት መኪና ሻጭ ሳያዩ ነው፤ ቢያዩ ኖሮ ምን ሊሉ እንደነበር እንጃ።

የነዳጅ ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ቢጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ። መምህሩም፣ ተማሪውም፣ ወታደሩም በየፊናው ተነስቶ ስለነበር መንግሥት ዋጋውን መልሶ ቢቀንስም ነገሩ አልበረደም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት ሲወጡ የቀረበላቸው መኪና ቮልስዋገን ነበር። በሮልስ ሮይስ የኖሩ ንጉሠ ነገሥት በደመወዝተኛ መኪና ተወሰዱ። የጋዝ ሒሳብ የሳተ መንግሥት ምን እንደሚገጥመው ካየ ሰው ጋር ነው የምትነጋገሩት፤ ስለዚህ ስልካችሁን አስቀምጡና አድምጡ።

ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ያጣመረው ሃይብሪድ ወደዚህ አገር መጀመሪያ የገባው በሆንዳ በኩል ነው። በ1999 መጨረሻ ኢንሳይት የምትባል መኪና መጣች። ቀላል ናት፣ ጋዝ በማንኪያ ነው የምትጠጣው። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት፤ መቀመጫዋ ሁለት ነው። ሁለት! ሐበሻ ሁለት መቀመጫ ያለው መኪና ምን ይሠራለታል? ኤርፖርት አክስቱን ሊቀበል ሲሄድ ሻንጣዋን የት፣ አክስቱን የት፣ አክስቱን ሊቀበል አብሮት የመጣውን ሕዝብ የት ሊያደርገው ነው? ቶዮታ ግን ፕሪየስን ጃፓን ውስጥ በ1997 ጀምሯት ስለነበር በ2000 እዚህ ሲያመጣት አራት በር፣ አምስት ሰው የምትይዝ፣ ዋጋዋም ከ20 ሺህ ዶላር 5 ዶላር የጎደለ አድርጎ ነው። ለእኛ ፉክክሩ በዚያው አለቀ።

እኔ ፕሪየስን የማውቃት በማስታወቂያ ሳይሆን በእንጀራዬ ነው። ከእሷ በፊት የምነዳው ክራውን ቪክቶሪያ ነበር፤ ያኔ ታክሲ ሁሉ እሱ ነው። ከተማ ውስጥ በአንድ ጋሎን 16 ማይል ከሄደ እግዜር ይመስገን ይባላል። በ2004 ሞዴል የመጣችው ፕሪየስ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ጋሎን፣ 48 ማይል ትሄዳለች። ሦስት እጥፍ! ማታ ሒሳብ ስዘጋ ማደያው የሚበላብኝ ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ቀረ። ስለዚህ ሃይብሪድ ጠል ነው ብላችሁ እንዳታሙኝ። እኔ የምጠላው ሃይብሪድን ሳይሆን የማይገባውን ገዢ ነው።

አሠራሩን ሳያውቅ የሚገዛ ስላለ ባጭሩ ላስረዳ። ተራ መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር ጉልበቱን ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል። ሃይብሪድ ግን ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ሞተሩን ዲናሞ አድርጎ ባትሪውን ይሞላበታል። ቀይ መብራት ላይ የቤንዚን ሞተሩ ይጠፋል፤ ሲነሳ በኤሌክትሪኩ ይነሳል። ለዚህ ነው ቆም ሄድ በሚበዛበት ከተማ የሚያተርፈው፣ ፍሪዌይ ላይ ግን ትርፉ የሚቀንሰው። ፕሪየስ ፍሪሲዮን የላትም፣ ተራ ሞተሪኖ የላትም፣ የፍሬን ሸራዋም ቶሎ አያልቅም። መጀመሪያ ሰሞን አንዲት እናት አሳፍሬ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ያዘን፤ ሞተሩ ጸጥ ሲል «ልጄ፣ መኪናህ ሞተብህ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሊገፉልኝ ወረዱ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጡሩንባ ሲነፋ እኔ እናትየዋን ለምኜ እያስገባሁ ነበር።

አሁን እርሳስ ያዙ። የ2025 ሞዴሎችን በመነሻ ዋጋቸው፣ ማጓጓዣና ታክስ ሳይገባ እንይ። ጋዙን በጋሎን 4 ዶላር ከ75 ሳንቲም ልቁረጠው፤ በሰኔ 2022 የካሊፎርኒያ አማካይ ዋጋ 6 ዶላር ከ40 ያለፈበትን ጊዜ ስላየሁ አልቀለድኩም። በዓመት 12 ሺህ ማይል ትነዳላችሁ እንበል።

የቤንዚን ብቻ የሆነችው ኮሮላ 22 ሺህ 300 ዶላር ገደማ ናት፤ በጋሎን 35 ማይል ትሄዳለች። ሃይብሪዷ 23 ሺህ 800 ገደማ፣ 50 ማይል። ልዩነቱ 1 ሺህ 500 ዶላር ነው። በዓመት 103 ጋሎን ስለምትቆጥብ ወደ 490 ዶላር ይተርፋል፤ በሦስት ዓመት ልዩነቱን መለሰች። ይኼ ሒሳብ ነው። ይኼን የገዛ ልጅ ከእኔ ዘንድ ምርቃት አለው።

ወደ ፕሪየስ እንሂድ። 28 ሺህ 300 ገደማ፣ 57 ማይል። ከኮሮላዋ ሃይብሪድ በ4 ሺህ 500 ዶላር ትበልጣለች። ትርፏስ? በዓመት 30 ጋሎን እንኳ አይሞላም፤ 140 ዶላር ገደማ። 4 ሺህ 500ን ለ140 አካፍሉ። 32 ዓመት! በ32 ዓመት ውስጥ የእኔ ፍትሐት ተደርጎ፣ ተዝካሬ ተበልቶ፣ የተዝካሩ ድግስ ሲታማ ኖሮ ተረስቷል። የእኛው የሳንታ ክላራ ካውንቲ የሽያጭ ታክስ ደግሞ ከ9 በመቶ በላይ ነው፤ በዚያች ልዩነት ላይ ብቻ የሚከፈለው ታክስ የሦስት ዓመት የጋዝ ትርፍ ዋጥ ያደርጋል። «ጋሼ፣ እሷ እኮ 194 የፈረስ ጉልበት አላት፣ ታምራለችም» ይሉኛል። ታምራለች፤ ማን ካደ? ግን ለቁንጅና የከፈላችሁትን ቁጠባ ነው አትበሉኝ። ጣሪያዋን ደግሞ ከፊተኛዋ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አውርደውታል። ባርኔጣ ለሚያደርግ ሰው አልታሰበም። ቅዳሜ ለቅዳሜ ለቅሶ የምንደርስ ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለን ገብተን ጎንበስ ብለን ስንወጣ ሐዘንተኛው ከመኪናው ጀምረን ያለቀስን ይመስለዋል።

የሆንዳ ሲቪክ ሃይብሪድ 28 ሺህ 700 ገደማ ናት፣ 49 ማይል፣ 200 የፈረስ ጉልበት። ወጣቱ የሚያብድላት ለዚህ ጉልበቷ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት 101 ፍሪዌይ ላይ 200 ፈረስ ይዞ ምን ይሆናል? ቆመው ሣር ሊግጡ ነው? የሃዩንዳይ ኤላንትራ ሃይብሪድ 25 ሺህ 500 ገደማ፣ የቆጣቢዋ ዓይነት 54 ማይል ትሄዳለች፤ ለሞተርና ካምቢዮዋም የ10 ዓመት ወይም የ100 ሺህ ማይል ዋስትና ይሰጡባታል። ሐበሻ ግን ይህን ሁሉ ሰምቶ «ሲሸጥስ?» ይላል። ገና ሳይገዛው ለመሸጥ ይጨነቃል! ለቶዮታ ያለን እምነት ከአገር ቤት በላንድክሩዘርና በዲኤክስ ተጠምቀን የመጣነው ነው፤ አይነካም። ካምሪም ከ2025 ጀምሮ ያለ ሃይብሪድ አትመጣም፤ 28 ሺህ 700 ገደማ፣ 51 ማይል። በፕሪየስ ዋጋ ሰፊ ኋላ ወንበርና የድግስ ብረት ድስት የሚያስገባ ሻንጣ ቦታ ታገኛላችሁ። የሠርግ ሚዜ ለሚያመላልስ ደግሞ ሲዬና አለች፤ እሷም ከ2021 ወዲህ ሃይብሪድ ብቻ ናት፣ 36 ማይል። ስምንት ሰው ሲሞላባት በነፍስ ወከፍ ፕሪየስ ውስጥ ብቻውን ከተቀመጠው ሰው አምስት እጥፍ ትቆጥባለች። ሚኒባስ ያሳደገው ሕዝብ ይህን መርሳት አልነበረበትም።

የነገሩ ሥር ግን ከማርካው ሳይሆን ከማይሉ ላይ ነው። እስከ አሁን የቆጠርኩት 12 ሺህ ማይል ለሚነዳ ነው። ከኦክላንድ ተነስቶ ሌሊቱን ሙሉ ተሳፋሪ የሚያመላልስ፣ በዓመት 40 ሺህ ማይል የሚነዳ ልጅ ኮሮላ ሃይብሪድ ቢይዝ ከተራዋ ኮሮላ ይልቅ በዓመት 1 ሺህ 600 ዶላር በላይ ያተርፋል፤ ዓመት ሳይሞላ ልዩነቱን መለሰ። 4 ሺህ ማይል ብቻ የሚነዳው ሰው ግን የሚያተርፈው 160 ዶላር ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ይጠብቃል። እንግዲህ በባህር ሰላጤው ዙሪያ ተዘዋወሩና ሃይብሪድ ማን ደጅ እንደቆመ እዩ።

ፓሎ አልቶ ተራ ቤት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በታች ማግኘት ጭንቅ የሆነበት ከተማ ነው። የዩኒቨርሲቲ ጎዳናን ይዛችሁ ወደ ስታንፎርድ ስትወጡ በየደጁ አዲስ ፕሪየስ፣ አዲስ ካምሪ፣ ቴስላማ ቁጥር የለውም። የቴስላ ዋና መሥሪያ ቤት እኮ እስከ 2021 መጨረሻ ወደ ቴክሳስ እስኪዛወር እዚሁ ነበር፤ አሁንም የምህንድስና ክፍሉ ፔጅ ሚል መንገድ ላይ ነው። ጎረቤቴ ሁለት ሃይብሪድና አንድ ኤሌክትሪክ መኪና አለው፤ ወደ ሥራ የሚሄደው ግን በብስክሌት ነው። መኪኖቹ የሚቆጥቡት በመቆም ነው። የእህቴ ልጅ ደግሞ ኦክላንድ ተቀምጦ፣ ደምባርተን ድልድይ ላይ እየከፈለ፣ እነዚህኑ ሰዎች ከኤርፖርት በአሮጌ የቤንዚን መኪና ያመላልሳል። ጋዙን የሚያቃጥለው ሃይብሪድ የለውም፣ ሃይብሪድ ያለው ጋዝ አያቃጥልም። ይህን የሚያህል የተገለበጠ ሥርዓት በየትኛውም መንግሥት አላየሁም፤ ሦስት ደግሞ አይቻለሁ።

«ለምን ይገዙታል ታዲያ?» ብትሉ፣ ለመታየት ነዋ። ይኼ የሽማግሌ ሐሜት አይደለም። ሴክስተን የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት የኮሎራዶንና የዋሽንግተንን ግዛቶች መረጃ አገላብጠው፣ ለአካባቢ ጥበቃ አሳቢ መባል በሚያስከብርበት ሰፈር ሰው ለፕሪየስ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍለው መልኳ ከሩቅ ስለሚታወቅ ጭምር መሆኑን አሳይተዋል። የሆንዳ ሲቪክ ሃይብሪድ ያኔ ከተራዋ ሲቪክ በዓይን አትለይም ነበር። ማን ያያታል? ጽድቅ ሠርቶ ሳይታይ መቅረት ደግሞ ለገዳም ነው እንጂ ለፓሎ አልቶ አይሆንም። በ2009 ሆንዳ ኢንሳይትን አምስት ሰው እንድትይዝ አድርጎ በ19 ሺህ 800 ዶላር መልሶ አመጣት፤ የዚያን ዘመን ፕሪየስ 22 ሺህ ነበረች። ኢንሳይት 41 ማይል፣ ፕሪየስ 50። ጋሎኑን በ3 ዶላር ብትቆጥሩት ፕሪየስ ልዩነቷን ለመመለስ 14 ዓመት ገደማ ያስፈልጋታል። እርግጥ ሰፋ ትል ነበር። ሕዝቡ ግን ሒሳቡን ሳያይ ወደ ፕሪየስ ጎረፈ፣ ኢንሳይትም በ2014 ሥራዋ ተቋረጠ።

መንግሥትም እጁ አለበት። በ2005 ካሊፎርኒያ ለቆጣቢ ሃይብሪዶች ቢጫ ተለጣፊ አወጣች፤ ያቺን የለጠፈ ሰው ብቻውን ሆኖ፣ ተሳፋሪ ለጫነ መኪና በተከለለው የካርፑል መስመር ላይ ይፈስሳል። 85 ሺህ ብቻ ታደለና አለቀ። ያን ጊዜ አሮጌ ፕሪየስ ሲሸጥ የሚጠየቀው ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ ተለጣፊው ነበር። በ2011 አጋማሽ ተሻረ። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ለፕሪየስ ገዢ እስከ 3 ሺህ 150 ዶላር ከግብሩ ይቀንስለት ነበር፤ ሕጉ ግን አንድ ኩባንያ 60 ሺህ ሲሸጥ ቅናሹ እየሟሸሸ እንዲያልቅ ያዝዛል። ቶዮታ እዚያው ዓመት ላይ ሞላው፤ በ2007 መገባደጃ ባዶ። የኤሌክትሪኮቹም ተራ ደረሰ፤ የ7 ሺህ 500 ዶላሩ ቅናሽም የካርፑል ተለጣፊውም በአንድ ቀን፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025፣ አበቃላቸው። መንግሥት በሰጠው ነገር ኑሮ አይታቀድም ብዬ ስናገር «ጋሼ የድሮ ሰው ነው» ይባላል። አዎ፣ የድሮ ሰው ነኝ፤ ቀበሌ ስኳር በኩፖን ሰጥቶኝ መልሶ ሲነሳኝ ነው የተማርኩት።

ሌባውም ቆጣቢ መኪና ይወዳል። ከማርሚታው ወዲህ ባለችው ጭስ አጣሪ፣ በካታሊቲክ ኮንቨርተሯ ውስጥ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ። በ2021 የሮዲየም ዋጋ በአውንስ ከ20 ሺህ ዶላር አለፈ። የሃይብሪድ ሞተር ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ስለሚውል ማዕድኑ ብዙም አይጎዳም፤ ስለዚህ ሌባ ከቆሙት መኪኖች መሐል አሮጌዋን ፕሪየስ መርጦ፣ በክሪክ አንስቶ፣ በመጋዝ ቆርጦ በደቂቃዎች ውስጥ ይሄዳል። ለጸጥታዋ ብለው የገዟት ሰዎች በማግስቱ ሲያስነሷት ሰፈሩን ቀሰቀሱት። በ2022 ካሊፎርኒያ የነዚህን ዕቃዎች ግዢ የሚያጠብቅ ሕግ አወጣች። በቁጠባ ሒሳባችሁ ላይ ከሥር የሚበየድ የብረት መከላከያም ጨምሩበት እንግዲህ።

በሶኬት የሚሞላ ፕሪየስ ደግሞ አለ። 33 ሺህ ዶላር ገደማ አውጥታችሁ በባትሪ ብቻ 44 ማይል ትሄዳላችሁ። እዚህ ላይ የፓሎ አልቶ ነገር ያናድደኛል። ፓሎ አልቶ ከ1900 ጀምሮ የራሱ የማዘጋጃ ቤት መብራት አለው፤ ዋጋው ጎረቤቶቹ ከሚከፍሉት እጅግ ያነሰ ነው። ያቺን 44 ማይል ለመሄድ 12 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በሳን ሆዜ ወይም 101ን ተሻግሮ በኢስት ፓሎ አልቶ ኪሎዋቱን በ40 ሳንቲም የሚከፍል ሰው 4 ዶላር ከ70 ያህል ያወጣል፤ ያንኑ መንገድ በጋዝ ቢሄድ 4 ዶላር ነበር። ሶኬቱ ከማደያው ተወደደ! ኪሎዋቱን በ20 ሳንቲም የሚያገኝ ግን በግማሹ ይጨርሳል። አንድ ዓይነት መኪና በፍሪዌዩ በዚህ በኩል ቆጣቢ ነው፣ በዚያ በኩል አባካኝ ነው። ቤቱ 3 ሚሊዮን የሆነው ሰው መብራቱ ረከሰለት፤ ሌላው ምን ይሁን?

ይህን ሁሉ ለታናሽ ወንድሜ በስልክ ስነግረው ይስቅብኛል። እሱ ያለው አዲስ አበባ ነው። በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስትከለክል ከዓለም የቀደማት አልነበረም። ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ አላስቀምጥ ብሏት ነው። ወንድሜ ከቻይና የመጣ ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። «ወንድም ጋሼ፣ ቴስላ ከሚሠራበት ሰፈር ተቀምጠህ አሁንም ማደያ ትሰለፋለህ?» ይለኛል። «መብራት ሲጠፋስ?» አልኩት። «ያን ጊዜ ቤቴ አርፋለሁ፤ አንተ መብራት እያለህም አታርፍም» አለኝ። ከዚያ የሕዳሴ ግድብን 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት ይቆጥርልኛል። ታናሽ ነው፤ በድሮ ሥርዓት ቢሆን ይህን ሲናገር ብድግ ብሎ ነበር። ስልክ ሥርዓት አጠፋ።

ዋናውን ወጪ ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለሚያበሽቀኝ ነው። ወለድ! ልጆቹ ማይል ሲያወዳድሩ ያመሻሉ፤ ብድሩን ግን ወረቀቱን ሳያገላብጡ ይፈርማሉ። 24 ሺህ ዶላር በ9 በመቶ ወለድ ለስድስት ዓመት የተበደረ ሰው በወር 433 ዶላር እየከፈለ በጠቅላላው ከ31 ሺህ በላይ ይከፍላል። ከ7 ሺህ ዶላር በላይ ወለድ! በስድስቱ ዓመት ከጋዝ የሚቆጥበው 3 ሺህ አይሞላም። ማደያው ያልበላውን ባንኩ በላው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው፤ የታለበውም ለባንክ ነው።

እኛ እኮ ወለድ የሌለበት ነገር ይዘን ነው የመጣነው፤ ዕቁብ። 48 ሰው በወር 500 ዶላር ቢጥል በየወሩ 24 ሺህ ይወጣል፤ በየወሩ አንድ ኮሮላ ሃይብሪድ ማለት ነው። በአራት ዓመት 48 መኪና፣ ወለድ ዜሮ። ጉዳዩን አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። ተሰብሳቢዎቹን ከኦክላንድና ከሳን ሆዜ መርጫለሁ፤ ፓሎ አልቶን በታዛቢነት። ደንቡንም ጽፌዋለሁ። አንቀጽ አንድ፣ ቅድሚያ ብዙ ማይል ለሚነዳ ነው። አንቀጽ ሁለት፣ ቀለም ማማረጥ ክልክል ነው። አንቀጽ ሦስት፣ ዳኛው እኔ ነኝ። አንቀጽ አራት፣ እንደ ጥንቱ የዕቁብ ልማድ የመጀመሪያው ዕጣ የዳኛው ነው።

አንቀጽ አራት ከአንቀጽ አንድ ጋር ይጋጫል የሚሉ ጠበቆች ከወዲሁ ተነስተዋል። «ጋሼ፣ አንተ እኮ የምትነዳው ሐኪም ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና ቡና ቤት ድረስ ነው» ይላሉ። ለዚያም አንቀጽ አምስት ገብቷል፤ ዳኛ ስንት ማይል ይነዳል ተብሎ አይጠየቅም። አንቀጽ ሁለትም ዳኛውን አይመለከትም፤ ቀዩን ነው የምወስደው።